ትንሽ ልሸኛችሁ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል... ይህን ከምታነቡት ግማሾቻችሁ "ወሬ ነው" ትላላችሁ። በሉ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እል ነበር። ግን የሆነ ነገር ነው። የሆነውም በእኔና በቤተሰቤ ላይ ነው።

ጨለማ አትጠብቁ። ጅብ የለበትም፣ መቃብር የለበትም፣ የጠፋ መብራት የለበትም።

የተጀመረው በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከግራና በላይ ባለ አንድ ተራራ ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

የተራራውን ስም አልነግራችሁም። የምጽፈው ማንም እንዳይሄድ ብዬ ነው። ስሙን ከጠራሁት ነገ ስልካችሁን ይዛችሁ እዚያ ናችሁ። አውቃችኋለሁ።

ደጀን እባላለሁ። ወልድያ ነው የምኖረው፣ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሰው ሁሉ እንደሚመሰክርልኝ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። "ወራጅ አለ" ብሎ ካስቆመኝ በኋላ ጫማውን የሚፈልግ ተሳፋሪ ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ ሳጉረመርም እውላለሁ።

ታናሽ እህቴ ማህሌት የእኔ ተቃራኒ ናት። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሽማግሌ ሁሉ ጎንበስ ብላ ጉልበት ልትስም ትደርሳለች። ሰው "ቅመሽልኝ" ካላት ጠግባም ትበላለች። ይሉኝታ አንድ ቀን ይገድልሻል እያልኩ እስቅባት ነበር።

አሁን አልስቅም።

ሐሳቡ የእሷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነበርና አንድ ቀን እራት ላይ እንዲህ አለችኝ፦

"ሰው ወደ ላሊበላ ሲሄድ በእኛ በኩል እያፏጨ ያልፋል። እኛ ጋ ግን ማን ይቆማል? ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ለሽርሽር እንውሰድ። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አስጎበኛለሁ።"

ጉዞው ጠዋት ከወልድያ ተነስቶ፣ ሲሪንቃን አልፎ፣ መርሳ ላይ ፍራፍሬ ገዝቶ፣ ግራና ገብቶ የመስኖ አትክልት ቦታዎችን አይቶ፣ ከዚያ በእግር ተራራ መውጣት ነው። እሺ አልኳት። መጀመሪያ ግን መንገዱን ራሳችን እንየው ተባባልን።

ግራና ላይ አብዱሰመድ አለልን። የቆየ ጓደኛዬ ነው። የአባቱን ብርቱካንና ፓፓያ እሱ ነው የሚያለማው። መንገዱን እሱ ሊመራን ተስማማን።

መንገዱ ያምራል። እሱን አልዋሽም። ከሲሪንቃ ወዲያ ማሽላው ደርሶ ራሱን ደፍቷል፣ ተራሮቹ በስተቀኝ አብረውን ይሄዳሉ፣ ማህሌት በመስኮት ወጥታ ልትበር ደርሳለች። መርሳ ቁርስ በላን። ግራና አብዱሰመድ በአትክልቱ መሃል አዙሮን ከዛፍ ላይ ብርቱካን እየቀነጠሰ አበላን። እኔም ሳላጉረመርም የዋልኩበት ቀን ቢኖር ያ ጠዋት ነው።

ከዚያ መኪናውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁመን ተራራውን ያዝን።

ዳገቱ ከባድ ነው። አብዱሰመድ እንደ ፍየል ይወጣል፣ እኔ እንደ አሮጌ መኪና እያቃሰትኩ እከተላለሁ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ከሸንተረሩ ጀርባ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አየን።

ጎድጓዳው ውስጥ... የአትክልት ቦታ አለ።

ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ሮማን። በመደዳ። አንድ የወደቀ ቅጠል መሬት ላይ የለም፣ ሁሉም ተጠርጓል። አፈሩ አሁን እንደጠጣ እርጥብ ነው።

አብዱሰመድ አጥሩ ጋ ቆመ።

"ይኼን እኔ አላውቀውም" አለ።

"ተወልደህ ያደግክበት አገር አይደል?"

"እኮ! ለዚህ ነው የምልህ። ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ብርቱካን? ብርዱ አይተወውም እኮ። ውሃውስ? ቦይ የታል?"

አየሁ። ቦይ የለም።

አብዱሰመድ ዛፎቹን ቀና ብሎ እያየ ቆየ። ብርቱካኑ ከፍሬው ጋር አበባም ይዟል፣ ሽታው አገሩን ሞልቶታል። ከዚያ በሹክሹክታ...

"ደጀን። ንብ የለም።"

"ምን?"

"ይኼ ሁሉ አበባ... አንድ ንብ የለም። ስማ እስቲ።"

ሰማሁ። እውነቱን ነው። ምንም ድምፅ የለም። የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነበር።

"ግቡ።"

ሦስታችንም ደነገጥን። ከሮማኑ ሥር አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ በትር ይዘዋል። ፊታቸው የደስ ደስ ያለው፣ ማንም አያቴ ቢሆኑ የሚለው ዓይነት ነው።

ማህሌት ወዲያው ጎንበስ አለች።

"እንደምን ዋሉ አባቴ?"

"ደህና።"

አለቀ። ደህና ብቻ።

እኛ አገር ሰላምታ እንዲህ አያልቅም። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ እስላሙ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ከዚያ ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ ይጠየቃል። አብዱሰመድ ወደ እኔ ዞሮ "የማናችን ናቸው?" በሚል ዓይን አየኝ። ትከሻዬን ሰበቅኩ።

ሌላም ነገር አለ። ሽማግሌው ከየት እንደመጣን አልጠየቁንም። የማን ልጆች እንደሆንን አልጠየቁንም። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ አግኝታችሁ "የማን ልጅ ነህ" ሳትባሉ ያለፋችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። እሳቸው ግን ቀጠሮ እንደነበረን ሰው ድንጋይ ላይ አስቀመጡንና ብርቱካን አቀረቡ።

"ብሉ።"

በላን። ይጣፍጣል። ማህሌት ስለ አትክልቱ ጠየቀቻቸው፣ ማን እንደሚያግዛቸው ጠየቀቻቸው። ፈገግ ብለው ሌላ ብርቱካን አቀበሏት። ብዙም ሳንቆይ አብዱሰመድ ተነሳ።

"እንሂድ" አለ። ዓይኑ እርጥቡ አፈር ላይ ነበር፣ ከእኛ በቀር የሽማግሌው የእግር ዱካ አልነበረበትም።

"ልሸኛችሁ" አሉ ሽማግሌው።

የእኛን ሰው ሽኝት መቼም ታውቁታላችሁ። ባለቤት እንግዳውን እስከ በር ይሸኛል። እንግዳው "ይበቃል፣ ይመለሱ" ይላል። "ግድ የለም፣ ትንሽ" ይባላል። ትንሹ እስከ መንገድ ይሆናል። አንዳንዴም የተሸኘው መልሶ ሸኚውን ይሸኛል። ሲሸኛኙ ውለው ሳይለያዩ የመሸባቸው ጓደኛሞች አሉ እየተባለ ይሳቅባቸዋል።

እኛም ምንም አልመሰለንም።

ቁልቁለቱን ጀመርን። አብዱሰመድ ከፊት፣ ማህሌት ቀጥላ፣ እኔ፣ ከኋላዬ እሳቸው።

"ይበቃል አባቴ፣ ይመለሱ።"

"ትንሽ።"

ቦታው ጠጠር ነው። ስንረግጠው ይንሸራተታል፣ ድንጋዩ እየተንከባለለ ይወርዳል። ከእግሬ ሥር ኳኳታ ነው። ከኋላዬ ግን... ምንም የለም። ዞር ስል እሳቸው እዚያው ናቸው። በጣም ቅርብ ናቸው። ጋቢያቸው ላይ አንድ አቧራ አልተቀመጠም።

"ይመለሱ አባቴ፣ ሩቅ ሆነብዎት።"

"ግድ የለም። ትንሽ።"

ከታች እርከኑ ላይ ማሽላ የሚያጭዱ ሰዎች ነበሩ። ስንወጣ "ሻይ ጠጡ" እያሉ ሲጫወቱብን የነበሩት ናቸው። ማህሌት ከሩቅ እጇን አውለበለበችና "በርቱ! በርቱ!" አለቻቸው።

አጨዳቸውን አቆሙ።

ተመለከቱን።

ከዚያ ሁሉም... አንድ ላይ... ጀርባቸውን ሰጡን።

ሴቶቹም ወንዶቹም ማጭዳቸውን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዞሩ። ለሚያልፍ ሰው መልስ የሚነፍግ አጫጅ አይቼ አላውቅም። አብዱሰመድ እርምጃውን አፈጠነ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ቁርአን እየቀራ ነበር።

ከእርከኑ በታች አንድ ሜዳ አለ። እዚያ ስንደርስ እኔ ትዕግሥቴ አለቀ፣ ግን ለሽማግሌ ምን ይባላል? ማህሌት ደግሞ አሳዘኗት። ያን ሁሉ ዳገት ብቻቸውን ሊመለሱ ነው ብላ። ሳቅ ብላ ዞረችና ማንኛችንም የምንለውን ነገር አለች፦

"አባቴ፣ ከዚህ በላይ ከመጡማ እኔ ደግሞ መልሼ ልሸኝዎት ነው!"

ሽማግሌው ቆሙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአትክልቱ ወዲህ ቆሙ።

"ትሸኚኛለሽ?"

"እንዴታ! እሸኝዎታለሁ።"

"ነይ እንግዲህ" አሉና ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

ማህሌት እኔን አየችኝ። እምቢ ማለት የማትችል ልጅ ናት። እላይ አንዲት ወይራ ትታያለች፣ ሩቅ አይደለችም።

"እስከ ወይራዋ ብቻ" አለችኝ። "ቁጭ ብላችሁ ጠብቁኝ።"

ተቀመጥን። ሁሉ ነገር ፊት ለፊታችን ይታያል። ቀትር ነው፣ ሜዳ ነው፣ የሚጋርድ ነገር የለም። ለዚህ ነው ለሰው ስነግረው "ፈዘህ ይሆናል" የሚለኝን የማልቀበለው።

ወይራዋ ጋ ደረሱ። ማህሌት ጎንበስ ብላ ተሰናበተችና መውረድ ጀመረች።

ሽማግሌው ዞሩ። ተከተሏት።

ቆመች። የሆነ ነገር ተባባሉ። ዞረችና መልሳ ሸኘቻቸው... ከወይራዋ ትንሽ አለፍ ብለው።

ተሰናበተች። መውረድ ጀመረች።

ዞሩ። ተከተሏት።

እኔ ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ያስቃል። "እነዚህ ሰዎች ዛሬ አይለያዩም" አልኩ። አብዱሰመድ አልሳቀም።

እንደገና ሸኘቻቸው። አሁን ከወይራዋ በጣም አልፈዋል። እንደገና ወረደች። እንደገና ተከተሏት። እንደገና... በእያንዳንዱ ዙር የምትወርደው እያጠረ፣ የምትወጣው እየረዘመ ሄደ።

"ማህሌት!" ብዬ ጮህኩ። "በቃ ነይ!"

እጇን አነሳች። ግን አልመጣችም።

"ደጀን" አለ አብዱሰመድ፣ ብድግ ብሎ። "ወላሂ ይቺን ልጅ ልታጣት ነው። ሩጥ።"

ሮጥኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። በእጄም በእግሬም ቧጥጬ ወጣሁ። ሸንተረሩ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ደረስኩባቸው። ከሸንተረሩ ወዲያ ያ አትክልት ነው።

የሚነጋገሩት ይሰማኝ ጀመር።

"ይበቃል አባቴ፣ ይመለሱ።"

"ትንሽ ልሸኝሽ።"

"እንግዲያው እኔም ልሸኝዎት።"

"ነይ እንግዲህ።"

"ይበቃል አባቴ፣ ይመለሱ..."

ድምፅዋ የዘወትር ድምፅዋ ነው። ጨዋ፣ ለስላሳ። ፊቷን ሳየው ግን እንባ በእንባ ሆናለች። አፏ ፈገግ እያለ ዓይኖቿ ያለቅሳሉ።

እጇን ያዝኩ። በጆሮዬ ሹክ አለችኝ...

"ደጀን... እግሬ እምቢ አለኝ። አፌም እምቢ አለኝ።"

ያኔ እኔ ነኝ ያበድኩት። ሽማግሌ ተሳድቤ አላውቅም፣ እናቴ እንደዚያ አላሳደገችኝም።

"አንተ ሽማግሌ!" አልኩት። አንቱ የለ፣ አባቴ የለ። "ዞር በል ከእህቴ! አንሸኝህም! አትሸኘን! ገደል ግባ!"

አልተቆጣም። ልጅ እንዳጠፋበት ሰው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

"ሳይሸኛኙ መለያየት ነውር ነው" አለ። "ግድ የለም። እንመጣለን።"

እንመጣለን አለ። ብቻውን ነበር።

ማህሌትን ተሸክሜ ወረድኩ። አልዞርኩም። አብዱሰመድ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀበለን። ከዚያ እሱን ግራና አድርሰን ወልድያ ገባን። መርሳን ሳልፍ ፍጥነቴ ስንት እንደነበር አታንሱብኝ።

ቤታችን እኔ፣ ማህሌትና እናታችን ብቻ ነን። እናቴ ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላሉ። የሆነውን ስነግራቸው ቆጡኝ።

"ሽማግሌ ሰድበህ መጣህ?" አሉኝ። "ልጅቷን ፀሐይ ነው የመታት። ጠበል እረጫታለሁ፣ አንተም ንስሐ ግባ።"

ረጯት። ሰኞ ማህሌት ደህና ሆና አረፈደች። ለወሬ ብትቸገርም ሳቀች፣ ልብስ አጠበች። ዳነች ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ነጠላዋን አስተካክላ የግቢው በር ላይ ቆመች።

"ማንን ነው የምትጠብቂው?"

"መንገድ ጀምረዋል" አለችኝ። "ግራናን አለፉ።"

ወዲያው ስልኬ ጠራ። አብዱሰመድ ነው። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

"ደጀን... ማህሌት የት አለች?"

"እዚህ ነች። ምነው?"

"አሁን በእርሻችን ዳር አለፉ።"

"ማን?"

"ሰውየው ከፊት ነው። ከኋላው ግን... እኔ አላየሁም። ማንም የለም። ግን ሣሩ ይተኛል ደጀን። ብዙ ሰው እንደረገጠው ይተኛል።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ አንተ መንገድ" አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም።

ማክሰኞ በዚያው ሰዓት ማህሌት በሩ ላይ ቆማ "መርሳ ሊገቡ ነው" አለች።

ሐሙስ "ሲሪንቃ ናቸው" አለች።

ዓርብ የእንግዳ ክፍሉን ስትጠርግ ዋለች። ወንበሮቹን ግድግዳው ጋ አስጠግታ ደረደረቻቸው፣ ከጎረቤትም ዱካ ተውሳ አመጣች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች...

"አትቆጣ። እጄ ነው የሚሠራው። ደጀን፣ ያልኳቸውን ካላደረግኩ አይለቁኝም። አታስወስደኝ። አደራህን።"

"አላስወስድሽም" አልኳት። "ሞቼ ነው!"

ቅዳሜ ሥራ አልወጣሁም። የግቢውን በር በቁልፍ ቆለፍኩ፣ ከውስጥ ብረት ደገፍኩበት፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እናቴ እያዩኝ ራሳቸውን ይይዛሉ።

"የእኔ ልጅ ከሽማግሌ ሊደበቅ ቤት ቆለፈ!"

ሦስታችንም እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥን። ማህሌትን ከአጠገቤ አድርጌ ክንዷን ያዝኩ። ውጭ የቅዳሜ ድምፅ ነው። ባጃጅ፣ ልጆች፣ የሆነ ቤት ዘፈን ከፍተዋል።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ዘፈኑ ቀጠለ። ልጆቹ ግን ዝም አሉ።

በር አልተንኳኳም። ብረቱ አልወደቀም። ምንም አልሰማሁም፣ ምንም አላየሁም። የማህሌት ክንድ ብቻ በእጄ ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

እናቴ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

"ኖር!" አሉ፣ ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቶ። "ኧረ በሞቴ ግቡ እንጂ! ግቡ፣ ግቡ!"

በሩ ላይ ማንም የለም።

"እማዬ..." አልኩ።

"እንደምን ዋሉ? እንደምን ዋልሽ የኔ እመቤት? ውይ ልጁ! ግቡ፣ ለሁላችሁም ቦታ አለ።"

ከቦታቸው ተጠጉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ተጠጉ። ከዚያ ወንበራቸውን ለቀቁና ቆሙ። ወደ እኔ ዞረው በቁጣ ሹክ አሉኝ፦

"ምነው ይህን ያህል ብዙ ናቸው ሳትለኝ? ጠጋ በል! ሰው ቆሞ አታይም?"

ተጠጋሁ። አዎ፣ ተጠጋሁ። አጠገቤ ያለው ዱካ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት።

ማህሌት ያለ ድምፅ ታለቅሳለች። እናቴ ይስቃሉ፣ ይጠይቃሉ፣ መልስ የሚያዳምጡ ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የብርቱካን አበባ ሽታ ቤቱን ሞላው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

"ልትሄዱ ነው?" አሉ እናቴ በመጨረሻ። "ምነው፣ ሳትጫወቱ?"

ማህሌት ተነሳች። ማለቴ እግሯ ተነሳ፣ እሷ ወደ እኔ ትንፈራገጣለች።

"ልሸኛቸው" አለች ያቺ ጨዋ ድምፅ።

በሁለት እጄ ወገቧን ያዝኩ። ወንበሩን በእግሬ ተደግፌ ጎተትኩ። የአንዲት ቀጭን ልጅ ጉልበት አልነበረም የሚጎትተኝ። ወለሉ ላይ እየተንሸራተትኩ ነበር።

"ደጀን! ምን ታደርጋለህ?" አሉ እናቴ። "እንግዳ ቤት መጥቶ ሳይሸኝ ሊሄድ ነው? በእኔ ቤት?"

"እማዬ፣ ዝም በይ! በእግዚአብሔር ዝም በይ!"

"አፈርኩብህ። እሷን ከያዝካት ያዝ።" ነጠላቸውን አነሡና በትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። "እኔው ትንሽ ልሸኛቸው።"

ማህሌት እጄ ውስጥ ላላች።

ወዲያው ነው የላላችው። የሚጎትታት ነገር ለቀቃት። ደረቴ ላይ ወደቀችና ሳግ በሳግ ሆነች። ያኔ ገባኝ፣ በእሷ ፈንታ ሸኚዋ እናቴ ሆነዋል። ግን እናቴ በሩን አልፈዋል።

"እማዬ!"

ማህሌትን ለቅቄ ልሮጥ ስል መልሳ ብድግ ትላለች፣ እግሯ ወደ በሩ ይሳባል። ስይዛት ትላላለች። ስለቃት ትነሳለች። ከሁለት አንዱን ነው የተውልኝ።

እህቴን እንደያዝኩ፣ እየጎተትኳት፣ እስከ ግቢው በር ደረስኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

እናቴ በኮብልስቶኑ መንገድ ላይ ቁልቁል እየሄዱ ነው። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያዩ ያወራሉ። መንገዱ ባዶ ነው። እሳቸው ግን ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ገበያ መሃል እንዳለ ሰው እየተጠነቀቁ ይራመዳሉ።

"እማዬ ተመለሺ! አትሸኚ! እማዬ!"

ዞር ብለው አዩኝ። እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

"ትንሽ ነው!" አሉ። "መጣሁ!"

ከማዞሪያው አንዲት ባጃጅ ብቅ አለች። ሹፌሩን በመልክ አውቀዋለሁ፣ የሰፈራችን ልጅ ነው። እናቴን ሲያይ ቆመ። እናቴ በፊቱ አለፉና ከማዞሪያው ወዲያ ተሰወሩ።

ባጃጇ አልተንቀሳቀሰችም።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ቀብር ሲያልፍ እንደምናደርገው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

ከፊቱ ማንም የለም። ኮብልስቶኑና ፀሐዩ ብቻ ነው።

ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ ቆመ... እስኪያልፉለት... ቆመ... ቆመ...

አልፈው አላለቁለትም።